ካፖርቱ አልወልቅ ያለ ዕለት

እሰይ፣ መጣችሁ! ተጠጉ፣ ተጠጉ፤ የኔ ተረት ሰው ሲበዛ ነው የሚሞቀው።

የወንድሜ ልጅ ወለላ አከርካሪዋ ላይ እብጠት ወጥቶባት፣ ኦፕሬሽን ልትደረግ ሆስፒታል ተኝታ፣ የአባቷን ካፖርት እንደለበሰች አንዲት ነገር ብቻ ለመነችኝ። «አክስቴ፣ ውሃ።»

ኩባያውን አነሳሁ። ኩባያው «የኦፕሬሽኑ ቢላ ሥራውን ሳይጨርስ ከንፈሯን አልነካም» አለኝ።

ወደ ቢላው ሄድኩ። «አንተ ቢላ፣ ቶሎ በላ! ኩባያው አልሰጥም አለ፣ ልጄን ውሃ ጠማት።»

«ቁስሉ እንዳያመረቅዝ የሚከላከለው መድኃኒት ደሟ ውስጥ ሳይገባ አልቀድም» አለ ቢላው።

ዘበኛው ወንድሜ ጥጋቡ፣ የወለላ አባት፣ ባለፈው ክረምት ጀርባውን ሲቀደድ ያ መድኃኒት ዘግይቶበት ነበር። ቁስሉ አመረቀዘ። ወደ ቤት የተመለሰው ካፖርቱ ብቻ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ሄድኩ። «አንተ መድኃኒት፣ ግባ እንጂ! ቢላው አልቀድም አለ፣ ኩባያው አልሰጥም አለ፣ ልጄን ውሃ ጠማት።»

«በጣም ከቀደምኩ ቢላው ሳይመጣ ጉልበቴ ያልቃል፤ ከዘገየሁ ተህዋሲያኑ ይቀድሙኛል። በሰዓቴ ነው የምገባው። ደግሞስ ሚዛኑ ኪሎዋን ሳይነግረኝ ልኬን በምን አውቃለሁ?»

ወደ ሚዛኑ ሄድኩ። «አንተ ሚዛን፣ ተናገር! መድኃኒቱ አልገባም አለ፣ ቢላው አልቀድም አለ፣ ኩባያው አልሰጥም አለ፣ ልጄን ውሃ ጠማት።»

«ካፖርቱ ሳይወልቅ አልናገርም! የዘበኛ ካፖርት፣ ኪሱን የባትሪ ድንጋይ የሞላው! ልጅቱን ልመዝን ወይስ ዘበኛውን?»

ወደ ነርሷ ዞርኩ። «ሲስተርዬ፣ በግምት አትሰጫትም?»

«በግምት አይሰጥም እትዬ። ካነሰ አይከላከልላትም።»

ወደ ካፖርቱ ሄድኩ። «አንተ ካፖርት፣ ውለቅ! ሚዛኑ አልናገርም አለ፣ መድኃኒቱ አልገባም አለ፣ ቢላው አልቀድም አለ፣ ኩባያው አልሰጥም አለ፣ ልጄን ውሃ ጠማት!»

ካፖርቱ ዝም። የመለሰችልኝ ወለላ ናት፣ አንገትጌውን በጥርሷ ነክሳ። «ሰው ከሌለበት እኮ ይቀዘቅዛል። አባዬም እንደዚያ ነው የቀዘቀዘው።»

ይህን የሚያህል ገላዬን እያያችሁት ነው! «ነይ በይ፣ እኔ እገባበታለሁ!» አልኳት። እጅጌው ተጨነቀ፤ አንዱ ቁልፍ ተፈናጥሮ ሲስተርን ግንባሯን አላት። ወለላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፤ የወንድሜ ጠረን ነበረበታ።

ካፖርቱ ወለቀ፣ ሚዛኑ ተናገረ፣ መድኃኒቱ በልኩና በሰዓቱ ገባ፣ ቢላው ቀደደ። «ለማንኛውም ጨምሩላት» ብል ሲስተር «የሚበቃትን አግኝታለች» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቁስሏ ሳያመረቅዝ ደረቀ።

ግን ያን ቀን፣ ገና ስትነቃ፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ካፖርቱን አየችው።

«አባዬ?» አለች።

አክስትሽ ነኝ ማለት አቃተኝ። «ጠጪ» ብቻ አልኳት።

ኩባያው ከንፈሯን ነካ። ጠጣች።

በሉ፣ ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ። ካፖርቱን ግን አልሰጣችሁም፤ እንዳይቀዘቅዝ ለብሼዋለሁ።