ደህና ነን ያለው በያጅ

ተረት ተረት፣ እሳት የበላው ብረት።

ዘውገ የሚባል የደብረ ብርሃን በያጅ ነበረ። በአውስትራሊያ ገጠር፣ ከሰው በግ በሚበዛባት ትንሽ ከተማ፣ ኮሊን የተባለ ሽማግሌ ዋስ ሆኖት ጋራዡ ውስጥ ያሠራዋል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባቱ የአቶ አስፋቸው ዓይን ጨርሶ ሳይጠፋ አገሩ ገብቶ ፊቱን ማሳየት። ያለ መመለሻ ፈቃድ ከወጣ ግን በሩ ይዘጋበታል።

የፈቃዱ ሹም ዘንድ ሄደ። ሹሟ ያለ አሠሪ ፊርማ አልሰጥም አለች። ኮሊን ዘንድ ሄደ። ኮሊንም ሕጉ ነውና ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ አልፈርምም አለ። ከዚያ እንደ ወትሮው አገር ቤት እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀው። ዘውገም እንደ ወትሮው ደህና ናቸው አለ። የቤቱን ጭንቀት ለአሠሪ ለመንገር ይሉኝታ ይዞት ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ሄደ። ጸሐፊው የአንተ ሥራ በጋዜጣ ማስታወቂያ ወጥቶ የሚሠራው የአገሬው ሰው እንዳልተገኘ ካላየሁ አልጽፍም አለ። ጸሐፊው ካልጻፈ ኮሊን አይፈርም፣ ኮሊን ካልፈረመ ሹሟ አትሰጥ፣ ሹሟ ካልሰጠች ዘውገ አይሄድ፤ የአባት ዓይን ደግሞ አይጠብቅ።

ጋዜጣ አታሚዋ ወይዘሮ ዶሪን ዘንድ ሄደ። እሷም የማተሚያው ብረት ተሰንጥቋል፣ በያጅ ካልመጣ አላትምም አለች። በያጅማ እሱው ነበር! ግን የሥራ ፈቃዱ ለኮሊን ብቻ ነው፤ ያለ ኮሊን ቃል ለሌላ ሰው ቢበይድ ይባረራል። ኮሊን ካልፈቀደ ማተሚያው አይበየድ፣ ማተሚያው ካልተበየደ ጋዜጣው አይወጣ፣ ጋዜጣው ካልወጣ ጸሐፊው አይጽፍ፣ ጸሐፊው ካልጻፈ ኮሊን አይፈርም፣ ኮሊን ካልፈረመ ሹሟ አትሰጥ፣ ሹሟ ካልሰጠች ዘውገ አይሄድ፤ የአባት ዓይን ደግሞ አይጠብቅ።

ዞሮ ዞሮ ኮሊን ደጅ ሆነ። አፍ አውጥቶ መለመን ነበር። የእኛ ሰው ግን ሽማግሌ ካልላከ መጠየቅ አይሆንለትም፤ በዚያች ከተማ ደግሞ የሚላክ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ሰባት ሳምንት ሙሉ ኮሊን ደስ ያለው ቀን እስኪመጣ ጠበቀ። በየማለዳው ይጠየቃል፣ በየማለዳው ደህና ናቸው ይላል። በስምንተኛው ሳምንት እህቱ ደወለች፤ አባባ አሁን የሚታያቸው ጥላ ብቻ ነው አለችው። ያን ዕለት ኮሊን ሲጠይቀው፣

"ደህና አይደሉም። አባቴ ፊቴን ሳያዩ ዓይናቸው እየጠፋ ነው" አለ።

ኮሊን መፍቻውን አስቀመጠ። "በየቀኑ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም? ያኔውኑ ዶሪን ዘንድ ይዤህ እሄድ ነበር።"



ኮሊን ፈቀደ፣ ዘውገ በየደ፣ ማተሚያው ዞረ፣ ጋዜጣው ወጣ፣ ወር ተጠብቆ አንድም ሰው አልመጣ፣ ጸሐፊው ጻፈ፣ ኮሊን ፈረመ፣ ሹሟ ሰጠች፣ ዘውገ ሄደ። የአባት ዓይን ግን አልጠበቀም።

አቶ አስፋቸው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ እንባውን። ዘውገ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ከለከሉት።

"ለጠየቀህ ሁሉ ደህና ነኝ በል ብዬ ያስተማርኩህ እኔው ነኝ፣ ልጄ" አሉት።

ተረቴን መልሱ፣ ዓይን ሳይጠፋ ድረሱ።