የሸሚዙን ቁልፍ አልፈታም ያለው አባት

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሥራ የያዘ ሥራውን ያስቀምጥ፤ ነገሩ ከባድ የአገር ጉዳይ ነው!

እማዋይሽ ያለጊዜዋ የተወለደች ልጇን ይዛ ቤቷ መግባት አማራት። ሠላሳ ሰባት ቀን ሆስፒታል! ልጅቷም መጥባት ለምዳለች፣ ሁለት ኪሎ ልትሞላ ጥቂት ነው የቀራት። «ሲስተር፣ ዛሬ እንውጣ?»

ነርሷ ሲስተር ፈትለወርቅ ብዕሯን ከደነች። «ቀን ከሌሊት ብቻሽን ልታሞቂያት ነው? አባትየውም ደረቱ ላይ፣ ገላ ለገላ አድርጎ ማቀፍ ይማር። አለዚያ አልፈርምም!»

ሩጫ ወደ ባል። «ዳምጠው፣ ሸሚዝህን ፍታ! አንተ ካልፈታህ ሲስተር አትፈርምም፤ ሲስተር ካልፈረመች ልጃችን ቤቷ አትገባም!»

ዳምጠው ቁልፉን ጨመደደ። «አማቴ ፊት? ደረቴን? እናትሽ ካልወጡ አልፈታም!»

ሩጫ ወደ እናት። «እማዬ፣ አንዴ ውጪልን! አንቺ ካልወጣሽ ዳምጠው አይፈታም፤ ዳምጠው ካልፈታ ሲስተር አትፈርምም፤ ሲስተር ካልፈረመች ልጄ ቤቷ አትገባም!»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ወንበሩ ላይ ተደላደሉ። «ቅቤዬን ዘበኛው ይዞብኛል። ልጅቷ ቅቤ ሳትልስ ንቅንቅ አልልም! አንቺ በምን ያደግሽ መሰለሽ?»

ሩጫ ወደ በር። «ጋሽ ምትኩ፣ ቅቤውን ይልቀቁ! ቅቤው ካልተለቀቀ እናቴ አትወጣም፤ እናቴ ካልወጣች ዳምጠው አይፈታም፤ ዳምጠው ካልፈታ ሲስተር አትፈርምም፤ ሲስተር ካልፈረመች ልጄ ቤቷ አትገባም!»

«የሲስተርን ወረቀት አምጪ፣ የኔ ልጅ። ያለ ወረቀት እንኳን ቅቤው ሽታውም አያልፍ!»

ሩጫ ወደ ሲስተር። «ወረቀት ካልጻፍሽ ቅቤው አይለቀቅም፤ ቅቤው ካልተለቀቀ እናቴ አትወጣም፤ እናቴ ካልወጣች ዳምጠው አይፈታም፤ ዳምጠው ካልፈታ አንቺ አትፈርሚም፤ አንቺ ካልፈረምሽ ልጄ ቤቷ አትገባም!»

«ቅቤ ለዚህች አፍ? ከእናት ጡት በቀር ውሃም አይገባት! አልጽፍም!»

እንግዲህ ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እማዋይሽ ራሷን ያዘች፤ ፀጉሯ እንደ ገለባ ተንኮሻኮሸ። ብልሃት ብልጭ አለላት!

«ሲስተር፣ ለልጅቷ አፍ ካልሆነ ለኔ አናትስ?»

«ለአናትሽማ ማን ከለከለሽ! ብቻ ከክፍሉ ውጪ።»

«እማዬ፣ ለሷ ጡቴ ይበቃታል። የኔ አናት እንዲህ ደርቆ ዝም ትያለሽ?»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዳበሷት። «ኧረ በሞትኩት!» ብለው ተነሡ።

ሲስተር ጻፈች፤ ጋሽ ምትኩ ቅቤውን ለቀቁ፤ አማት ወጡ፤ ዳምጠው ፈታ፤ ልጅቷ ደረቱ ላይ ተለጠፈች!

«ሲስተር፣ ልቧ እኔ ላይ ይመታል!»

«አንተም ተንፍስ እንጂ!» አለችና ፈረመች።

አናቷ በቅቤ ያብለጨለጨች እናት፣ ደረቱን የነፋ አባትና አያት በሩ ላይ ደረሱ። ጋሽ ምትኩ እጃቸውን ዘረጉ። «ለልጅቷስ ወረቀት አላችሁ?»

«አለን!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። ወሬዬም አብራቸው በሩን አለፈች።