አንበሳው ለማን ያገሣል?

ከታላቁ ገደል በታች ያለው ሜዳ የሚተዳደረው በአንበሳው ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ አጭር ነው፤ አንበሳው ያዛል፣ ሌላው «እንዳሉ» ይላል። ጅቡም እንዳሉ ይላል፤ አንበሳው ጀርባውን ሲያዞር ግን ግልገል መንጠቁን አልተወም።

ሽኮኮዎች ወደዚህ ገደል የመጡት ከየሸለቆው እየተባረሩ ነው። ጉልበት ስለሌላቸው ቤታቸውን በዓለት ውስጥ ሠሩ። ስድስት ቀን ወጥተው ይግጣሉ፤ ሰባተኛው ሰንበት ነውና ከደጃፋቸው ፈቀቅ አይሉም። ጅቡ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሽኮኮዎቹ ከአንበሳው ጋር ውል ገቡ፤ እነሱ ከከፍታቸው ሆነው የአዳኝ ጭስ ሲያዩ ይነግሩታል፣ እሱ ደግሞ በየሰንበቱ ማታ ከገደሉ ሥር መጥቶ ያገሣላቸዋል። ጅቡም ግሣቱን ሲሰማ ራቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ይህን ውል ያስገኘችው እመት ያልጋነሽ ናት፤ የሽኮኮዎች መልእክተኛ ሆና በአንበሳው ደጅ ያረጀች። አንበሳው ባሰናበታት ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሁሉ የማስበልጠው እናንተን ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ» ይላታል። ያልጋነሽም ለማንም አልነገረችም፤ ለሽኮኮዎች ብቻ፣ ለሁሉም።

አንድ ሰንበት ማታ ግሣቱ ቀድሞ የተሰማው ከወዲያኛው ሸንተረር፣ ከዋልያዎች መንደር ሆነ። ቀጥሎ ለሽኮኮዎችም መጥቶ አገሣ፤ ለያልጋነሽ ግን የተራረፈ መሰላት። ዋልያዎች ድሮ ከላይ ድንጋይ እየለቀቁ የሽኮኮዎችን ግልገሎች ፈጅተዋል፤ ማንም አልረሳውም።

በማግስቱ ሸንጎ ተቀመጡ።

«ለሁለታችንም ቢያገሣ ምን ይጎድልብናል?» አለ ጎብዜ የተባለ ጎልማሳ። «ዋልያ ከጅብ ቢድን እኛን ምን ከፋን?»

«አንተ ልጅ!» አለች ያልጋነሽ። «ዛሬ ለሁለት ያገሣ ነገ ለሦስት ያገሣል፤ ለጅቡም ጭምር። ያን ጊዜ ወዴት ልንሄድ ነው? ከዚህ ወዲያ ሌላ ገደል የለንም።»

ነገሯ ቅናት ነበረበት፤ ቅናት ብቻ ግን አልነበረም። «ወይ እኛን ወይ እነሱን ምረጥ» እንድትለው ወሰኑ። አንበሳው አደን ወጥቶ ሰነበተና ሲመለስ ሰንበት ገባ። ያልጋነሽ ንግግሯን ይዛ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች።

«አባ፣ በሰንበት መቅናት ይከለከላል?» ብላ ጎረቤቷን ሽማግሌ ጠየቀች።

«የሌላውን እንጃ» አሉ ሽማግሌው። «ያንቺው ግን ከባድ ሥራ ነው።»

ከቀትር በኋላ አንድ ሸበቶ ዋልያ ገደሉን ወርዶ ከፊቷ ቆመ። የዋልያዎች መልእክተኛ አያ ደምሌ ነው።

«እመት፣ ሰንበታችሁን ስለማውቅ እኔው መጣሁ» አላት። «ስንት ዘመን ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን ወዳጅ ዘወር ስል ከእናንተ ሥር አገኘዋለሁ። ቅናት ሊገድለኝ ነው። ለመሆኑ እናንተን ምን ይላችኋል?»

እሱም እንደሷ መቃጠሉ ደስ አላት። ደስታዋን ሳትደብቅ፣ «ከሁሉ የማስበልጠው እናንተን ነው ይለናል» አለች።

«ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ?»

«ለእናንተም?» አለች ያልጋነሽ። ከዚያ ደምሌ ሳቀ፤ እሷም ሳትወድ ሳቀች።

«የገደሉን ጀርባ እኛ እናያለን፣ ፊቱን እናንተ» አለ ደምሌ። «ጅቡን ቀድሞ ያየ ለሌላው ቢጮህ ምን አለበት?»

«ድንጋዩስ?»

ደምሌ አንገቱን ደፋ። «በድንጋዩ አፍራለሁ» አለ።

እንዲህ ተጠጋግተው ሲያወሩ፣ ሊያገሣ የመጣው አንበሳ ከሥር ሆኖ አያቸው። ጎፈሩ ቆመ። ሳያገሣም ተመለሰ።

ሲነጋ ሁለቱንም አስጠራቸው። እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«ያለ እኔ ምን ታወሩ ነበር?» አለ። መልስም ሳይጠብቅ፣ «ከእንግዲህ የማገሣው ለአንዳችሁ ብቻ ነው» አለ። «ለማን እንደሆነ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

ያልጋነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስትመኝ ኖራለች። «ለእኛ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ደምሌን አየችው፤ እሱም እሷን እያየ ነበር። ሁለቱም እኩል አፋቸውን ከፈቱ።

ያን ጊዜ፣ የትኛው ገደል ያለ ግሣት እንደሚቀር ሊሰማ ያደፈጠው ጅብ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሳቀ።