ሳይበላ የተለቀቀ ውሻ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ እርሻው ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ከዚህ ልጀምርልሽ። አይ ወርቅያንጥፉ፣ ፊትሽን አታኮሳትሪብኝ፤ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «አባቴ፣ ለጉልበቴ የሰጡኝን ክኒን ልዋጠው ወይስ ልጣለው? መዋጡንም ፈራሁ፣ መተዉንም ፈራሁ» ነው ያልሽኝ። ክኒኑም ይኸው ከነጠላሽ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይታየኛል። እኔ የንስሐ አባትሽ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ያለኝ ምሳሌ ነው። ስለዚህ መደቡ ላይ ቁጭ በይ፣ እግርሽንም ዘርጊ። እኔ እየተንጎራደድኩ ነው የምነግርሽ። የኔም ጉልበት አንዴ ከተቀመጠ እሺ ብሎ አይነሳልኝም።

ገበሬው ማሽላ ይዘራል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ዝንጀሮ አለ፤ አንድ ሁለት እንዳይመስልሽ፣ መንጋ ነው። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይወጣሉ። ሰውየው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ያጮሃል። በዚህ ሲያባርር በዚያ ይገባሉ። ሚስቱ ቆርቆሮ እየደበደበች ስትጮህ ድምፅዋ ተዘጋ። ልጆቻቸው የሚበሉት ያንኑ ማሽላ ነው፣ ሌላ የላቸውም። ገበያ መሄድ ቀረ፣ ለቅሶ መድረስ ቀረ፣ እንቅልፍ ቀረ። ንፋስ ማሽላውን ባወዛወዘው ቁጥር «መጡ!» ብሎ ብድግ ይላል። አንቺ ጉልበትሽ ሲጠዘጥዝሽ አልጋው ላይ እንደምትገላበጪው። ሰው ይህን ሲችል ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን ይሰለቸዋል፤ አይፈረድበትም።

ከቆላ የሚመጣ አንድ ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ አየውና አዘነለት። አንድ ትልቅ ውሻም ሰጠው። ሲሰጠው እንዲህ አለው፦ «ውሻው ጎበዝ ነው። ግን ስማኝ፤ ሳታበላ አትልቀቀው። ዝንጀሮው ሲሄድ መልሰህ እሰረው። ዶሮህንና ግልገልህንም ጠዋት ጠዋት እይ።» ገበሬው «ጎበዝ ነው» የምትለዋን ሰማ። የቀረውን ንፋስ ወሰደው። የሰው ጆሮ እንዲህ ነው፤ የሚወዳትን ይዞ ይሮጣል። አንቺን አላልኩም፣ ገና ነኝ።

ውሻው በተለቀቀ ቀን መንጋው በገደሉ ተበተነ። አንድ ዝንጀሮ አልቀረም። ገበሬው ማማው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ማሽላው መሃል ተጋድሞ እስኪመሽ ተኛ፤ ሚስቱ የሞተ መስሏት ደረቷን እየመታች መጣች። ስለዚህ «ውሻ ምን ያደርጋል፣ ክፉ ነው» የሚል ሰው ሲመጣብኝ እኔ አልሰማም። እንዲህ የሚያወራው ዝንጀሮ አዝመራውን በልቶበት የማያውቅ ሰው ነው።

ታዲያ አንድ ጎረቤት መጣ። ጎረቤት መቼም ምክር አያጣም። «የጠገበ ውሻ ይተኛብሃል፤ አስርበው፣ ያኔ ነው የሚናከስልህ» አለው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ገበሬው ውሻውን አስራበው። ውሻውም በእርግጥ ባሰበት፤ ዝንጀሮ ገና ከሩቅ ሲሸተው ይበራል። ገበሬው ደስ ስላለው ዝንጀሮ በማይመጣበት ቀንም «ምናልባት ቢመጡስ» እያለ ይለቀው ጀመር። የእሾህ አጥሩ በአንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር፤ እሱንም «ውሻ እያለልኝ እሾህ ለምኔ» ብሎ ተወው።

ከዚያ ሚስቱ እንቁላል ማጣት ጀመረች። ዛሬ አንድ፣ በማግስቱ ሁለት። «ኧረ ይሄን እንቁላል ምን በላው?» ስትለው «ሸለምጥማጥ ነው» ይላታል። ቆይቶ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ጠፋች። «ሸለምጥማጥ ነው አልኩሽ እኮ!» ብሎ ተቆጣ። ጎንበስ ብሎ የዶሮ ቤቱን አላየም። ለምን አላየም? ቢያይ ምን እንደሚያገኝ ልቡ ያውቀዋል። ካወቀ ውሻውን ሊያስር ነው። ካሰረው ዝንጀሮው ሊመለስ ነው። ያን እንቅልፍ ማጣት እንደገና ከማየት ሸለምጥማጥን መስደብ ቀለለው።

«አባቴ፣ እኔ ልሂድ መሰለኝ። ቅዳሴው ይደርስብኛል።»

ምን ልሂድ ትያለሽ? የሁዳዴ ቅዳሴ በጠዋት አለ እንዴ? ገና እኮ ነው። ለመሆኑ ፊትሽ ዛሬ ምን ሆኗል? አመድ መስለሻል። ቁጭ በይ፣ ልጨርስልሽ።

ገበሬው አንዲት በግ ነበረችው፤ ግልገል ወልዳለች። ልጆቹ ያቺን ግልገል አቅፈው ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ጠዋት ወደ በረቱ ሲገባ በጊቱ ብቻዋን ትጮሃለች። ግልገሏ የለችም። ውሻው ጥግ ይዞ ተኝቷል፤ አፉ እስከ ዓይኑ ድረስ ደም ነው። ሰውየው መጥረቢያ አነሳ። ውሻው አልሸሸም፣ ጭራውን ቆላለት።

ልክ በዚያች ቅጽበት ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጮኹ። ውሻው ተፈናጥሮ ተነሳ፤ በተነሳው መጥረቢያ ሥር ሾልኮ በፈረሰው አጥር ወጣ። መንጋውን አንድ በአንድ አባረረ። አባሮም ተመለሰና ያንኑ ደም የነካውን አፉን ከፍቶ እያለከለከ ገበሬው እግር ሥር ተኛ። በል እንግዲህ ምታው! ቢገድለው ማሽላው የዝንጀሮ ነው፣ ልጆቹ ይራባሉ። ቢተወው ነገ በጊቱን ይደግማል። መጥረቢያው ከራሱ በላይ ቀረ። ያኔ ሚስቱ ከኋላው መጣችና አንድ ነገር ጠየቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ይህ ውሻ መጨረሻ የበላው መቼ ነው?»

ሰውየው መጥረቢያውን ጣለ። ምሳው በጨርቅ ተቋጥሮ በወገቡ ነበረ፤ ፈታውና ለውሻው ሰጠው። ነጋዴው ያለውም ቃል ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ትዝ አለው። ከዚያ ወዲያ ውሻው ሳይበላ አልተለቀቀም፤ ዝንጀሮ በሌለ ቀን ታስሮ ይውላል። ገበሬው አጥሩን አጠረ፣ በየጠዋቱም ጎንበስ ብሎ የዶሮ ቤቱን ያያል። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ዝንጀሮ ገብቶ ጥቂት ማሽላ ይበላበታል፤ እሱን ይችለዋል። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ? ሳያበሉት የጮኸ እንደሆነ ግን ድርሻውን ከጓዳ ገብቶ ይወስዳል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ዝንጀሮው የጉልበትሽ ሕመም ነው። ውሻው ክኒኑ ነው። የዶሮ ቤቱ ሆድሽ ነው፤ ኩላሊትሽም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያለው ይላሉ የሚያውቁት። አጥሩ ደግሞ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ያሳየችሽ የእግር እንቅስቃሴ ነው፤ ሁለት ቀን ሠርተሽ የተውሽው። አንቺ «ልዋጠው ወይስ ልጣለው» ብለሽ መጣሽ፣ ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ እንደቆመው። የገበሬው ሚስት ግን ከሁለታችሁም ይልቅ ደህና አድርጋ ጠየቀች። እኔም የሷን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ክኒኑን የምትውጪው በስንት ሰዓት ነው?

«ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቴ በፊት። ካልዋጥኩ መስገድ አልችልም።»

ከምን ጋር ነው የምትውጪው?

«በጠበል።»

ምግብስ?

«ኧረ አባቴ! ሁዳዴ አይደለም እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን ይቀመሳል? ነርሷ ከምግብ በኋላ ብላኝ ነበር፤ እንደምጾም አታውቅም ብዬ ተውኩት።»

ወይ ጉድ! በቀን አንድ ነው?

«አንድ ነበር። በኋላ ጎረቤቴ እሷ ከምትውጠው ቀይ ክኒን ጨመረችልኝ። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ያሽራሉ አለችኝ፤ እውነትም ለጉልበቴ ተሻለኝ።»

በስመ አብ! ሁለት ውሻ! ሁለቱም የተራቡ፣ ያውም ከጎህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት! ቆይ፣ ቆይ፤ አትነሺ። የዶሮ ቤቱንስ አይተሽዋል? አትፈሪ፣ እኔ አባትሽ ነኝ። መጸዳጃ ቤት ስትሄጂ ምን አየሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ተናገሪ።

«ጥቁር ነው፣ አባቴ። እንደ ሬንጅ ነው። ከሰኞ ጀምሮ። ስነሳም ዓይኔን ያጨልመኛል። ተልባ አብዝቼ ስለጠጣሁ ነው ብዬ…»

ተልባ! ተልባ አልሽኝ? ያ ነው ሸለምጥማጥሽ! ተልባ ጠጥታ ፊቷ አመድ የሆነ ሴት አይቼ አላውቅም። ወርቅያንጥፉ፣ ያ ደም ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሕሙማን ቤት ጸሎት ሳደርስ ይህን ከሐኪሞቹ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንቺ ሆድሽ እየደማ እዚህ ተቀምጠሽ እኔ ስለ ማሽላ አወራልሻለሁ! ምናለ በመጀመሪያ ብጠይቅሽ!

አታልቅሺ። ጥፋቱ የኔ ነው። «እስከ ዘጠኝ ጹሚ» ብዬ ያዘዝኩሽ እኔ፤ «ክኒን ትውጪያለሽ ወይ» ብዬ ያልጠየቅኩሽም እኔ። ለታመመ ሰው ሰዓቱን ማሳጠር የኔ ሥራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለች፤ እኔ ነኝ የተኛሁት።

ያን ቋጠሮ ፍቺና ስጪኝ። ዛሬ ከዚህ አንድም ወደ አፍሽ አይገባም፤ ቀዩም ነጩም። ሐኪሙ ዘንድ ግን ይዘነው እንገባለን፣ የዋጥሽውን በዓይኑ ይይ። ጥቁሩንም እንደነገርሽኝ ንገሪው። ተልባ ብትይው እኔ እዚያው ቆሜ አጋልጥሻለሁ። ከዳንሽ በኋላ ያንኑ ውሻ ይመልስልሽ፣ ሌላ ይስጥሽ፣ ወይም ካለ ውሻ ኑሪ ይበልሽ፣ ያን የሚመዝነው እሱ ነው። የኔ ድርሻ ይህች ናት፤ ሐኪሙ ብይ ካለሽ ቀን ጀምሮ ጠዋት ትበያለሽ። አጥሚትም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን። ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን።

ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ትከሻዬን ያዢ። አንተ ባጃጅ! ኧረ ባጃጅ፣ ና ወዲህ፣ በሩ ድረስ ግባ!

ስግደቱ ምን ይሁን ትያለሽ? አሁንም እሱን ነው የምታስቢ? ስግደትሽን ለኔ ተዪው፤ በዚህ ጉልበቴ እኔ እሰግድልሻለሁ። የገበሬው ግልገል ተበልታለች፣ እሷን የሚመልሳት የለም። አንቺ ግን ገና አለሽ። ነይ፣ ግቢ።