የወይዘሮ ትርንጎ እንቢታ

ይህ ታሪክ የሚቋጭባትን አባባል የማያውቅ የለም፤ ከዓባይ ማዶ ባለች አንዲት ከተማ ግን ሰው ሲናገራት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ወይዘሮ ትርንጎ እንዳይሰሙ።

የከተማዋ ሰዎች ያቋቋሙት ፓርቲ ሊቀመንበር አርፈው ቦታቸው ክፍት ሲሆን የሁሉም ዓይን ያረፈው በወይዘሮ ትርንጎ ላይ ነበር። አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ መሬታቸውን ሊነጠቁ ላሉ ገበሬዎች ሲሟገቱም ታስረው ያውቃሉ። ሌላው የቦታው ፈላጊ አቶ መኩሪያው ወንበሩን እንጂ ገበሬውን እንደማያስቡ ደግሞ አገር ያውቃል።

ወይዘሮ ትርንጎ ልባቸው ይፈልጋል። ግን «ሥልጣን ወዳድ» መባልን እንደ እሳት ይፈራሉ። ባላቸው አቶ ደምለው ጠየቋቸው።

«ምን ወሰንሽ?»

«እኔ እንጃ። ዳግመኛ ብታሰር አንተስ ትችለዋለህ?»

«ችዬው የለ! እኔን ሰበብ አታድርጊኝ። ከፈለግሽ ፈልጌያለሁ በይ።»

«በራሴ አፍ? ሰው ምን ይለኛል! ደጋግመው ከለመኑኝ አያለሁ።»

በጉባኤው ዕለት ስማቸው ሲጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዋናው ከተማ የመጡት ሰብሳቢ «ጥቆማውን ይቀበላሉ?» አሏቸው።

«ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ! የሚሻል ፈልጉ» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው።

«እንቢ አይበሉን እንጂ!» ተባለ ከየአቅጣጫው። ሰብሳቢው ደግመው ጠየቁ።

«ይቅርብኝ» አሉ። በልባቸው ግን እንደ ግብዣ ቤት «በሞቴ» የሚላቸው እየጠበቁ ነበር።

«እንግዲህ ፈቃድዎን እናከብራለን» አሉ ሰብሳቢው፣ የአገሩን ልመና አላወቁትምና። ወደ አቶ መኩሪያው ዞሩ። እሳቸው ጥያቄው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቁም፤ ብድግ ብለው «ተቀብያለሁ!» አሉ። ተፎካካሪ ስላልነበራቸው ወንበሩ የእሳቸው ሆነ። ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸውን ለማውጣት ቃጡ፤ እጃቸው ግን ከጭናቸው አልነሳ አለ።

ዓመት ሳይሞላ የገበሬዎቹ መሬት ታጥሮ ተወሰደ። ፓርቲው ትንፍሽ አላለም። ወይዘሮ ትርንጎ ከመሬታቸው ወደ ተፈናቀሉት ሽማግሌ፣ ወደ አያ ቢተው ዘንድ ሊያጽናኑ ሄደው ራሳቸው ማልቀስ ጀመሩ።

«ያ ሁሉ ሕዝብ እኔን ይፈልግ አልነበር? ምን ጎደለኝ፣ አያ ቢተው?»

ሽማግሌው አልተቆጧቸውም። እጃቸውን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧቸው።

«ከኋላሽማ ሺ ሰው ነበረሽ፤ የጠፋችው ያንቺው አንዲት ቃል ናት፤ እሺ ይበልጣል ከሺ፣ ልጄ።»