ለየብቻ የተበላ ምሳ

አንድ ገበሬ ነበረ። ጥያቄዎን አልረሳሁትም፣ ጋሽ ድንበሩ። «የማንም ፓርቲ ሰው ያልሆነ፣ ለብቻው የቆመ ንጹሕ ሰው ብመርጥ ምን ይጎድለኛል?» ነው ያሉኝ። መልሱ እዚህ ገበሬ ዘንድ አለ።

የገበሬውን አገር ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች ይገዙት ነበር። ገዥዎቹ አንድ ቀን፣ «ከእንግዲህ ያለ እናንተ ሕግ አናወጣም» አሉና ምክር ቤት አቆሙ። ወንበሩ ሰባት ነው። ሦስቱን አገረ ገዥው በራሱ ሰዎች ሞላ፤ አራቱን ሕዝቡ እንዲመርጥ ተወለት። ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር ገና አልታወቀም። የሚመረጠው ሰውየው ነው፣ በስሙና በጠባዩ። ከአንዱ ወረዳ ይህ ገበሬ ተመረጠ፤ ከሌሎቹ ደግሞ አንድ ነጋዴ፣ አንድ መምህርና አንድ ዓሣ አጥማጅ።

ሽማግሌዎቹ ገበሬውን ሲሸኙት ወንዝ ዳር አቁመው አስማሉት። «ከማንም ጋር እንዳትዶልት። የማንንም ምሳ እንዳትበላ። ሰው መጀመሪያ የሚገዛው በጉርሻ ነው» አሉት። ማለና ስንቁን ይዞ ሄደ።

ከተማ ሲደርስ ለካ ሌሎቹም እንደሱው የማሉ ናቸው። ምሳ ሰዓት ሲሆን አራቱም ወደ ግቢው ይወጡና፣ እያንዳንዱ የየራሱ ዛፍ ሥር ጀርባውን ለሌላው ሰጥቶ ስንቁን ይፈታል። የከተማው ሰው በአጥር ላይ እያያቸው፣ «እነዚህስ አይሸጡም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ አልተሸጡም።

ከዚያ የወንዙ ሕግ መጣ። ወንዙ አራቱንም ወረዳ አቋርጦ ነው ባሕር የሚገባው። ሕጉ፣ በግራና በቀኙ ያለው ግጦሽ ይታጠርና ለአንድ የሸንኮራ እርሻ ባለቤት ይሰጥ ይላል። የገበሬው አገር ከብት ደግሞ ሌላ ውኃ የለውም።

አሁን የምክር ቤቱን ደንብ ልብ ይበሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከሰባቱ አምስት ሰው ካልተገኘ ጉባኤ የለም፣ ሕግም የለም። አምስት ከተገኘ ግን ካሉት መካከል የበዛው ያሸንፋል።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ነጋዴው ተነሥቶ ወደ ገበሬው ዛፍ መጣ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ስንቅህን ይዘህ ጠጋ በል። ስለ ከሰዓቱ ነገር እንነጋገር።»

«ምሳዬን ይዤ መጥቻለሁ» አለ ገበሬው።

«አንተም የራስህን፣ እኔም የራሴን። ወጥህን አልቀምስብህም።»

«ሲጀምሩ እንዲህ ነው የሚሉት» አለና ገበሬው ጀርባውን አዞረ። ነጋዴው ከት ብሎ ስቆ ወደ ዛፉ ተመለሰ።

ከሰዓት ገቡ። ሕጉ ሲነበብ ገበሬው ደሙ ፈላ። «እኔ ብወጣ ሌሎቹም ይከተሉኛል፤ ሰው ይጎድልና ጉባኤው ይበተናል» ብሎ አሰበ። ባርኔጣውን አነሣና ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ነጋዴው ተከትሎት ወጣ።

«አንተም?»

«እኔም» አለ ነጋዴው። ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለለት። ደጅ ቆመው የቀሩትን ሁለቱን ጠበቁ። ማንም አልወጣም። ውስጥ ደወል ተደወለ፤ ሕጉ ጸደቀ።

መምህሩና ዓሣ አጥማጁ እያላባቸው ብቅ አሉ።

«የት ገባችሁ?» አለ መምህሩ። «ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተቃወምን። ሁለታችሁ ብትኖሩ አራት ለሦስት አልነበርንም?»

«እናንተስ ምን አስቀመጣችሁ?» አለ ነጋዴው። «ብትወጡ ኖሮ ሦስት ሰው ብቻውን ምን ሊያጸድቅ ነበር?»

ዓሣ አጥማጁ በጣቱ ቆጠረ። ቀና ብሎ አያቸውና እንደገና ቆጠረ።

ሒሳቡን እኔም ደጋግሜዋለሁ፣ በደገምኩት ቁጥር ይዘገንነኛል። አራቱም ቢቀመጡ ሕጉ ይወድቅ ነበር። አራቱም ቢወጡ ጉባኤው ይበተን ነበር። ሁለቱ ወጡ፣ ሁለቱ ተቀመጡ። የተቀመጡት ለገዥው ጉባኤውን ሞሉለት፤ የወጡት ድምፁን አሸነፉለት። አራቱም ንጹሕ ናቸው። አገረ ገዥው አንድ ጉርሻ እንኳ አላወጣም።

ገበሬው አገሩ ሲመለስ ሽማግሌዎቹ ያንኑ ወንዝ ዳር ጠበቁት። አጥሩ ቀድሞት ደርሷል።

«ማን ገዛህ?» አለው ታላቁ ሽማግሌ።

«ማንም።»

«የማንን ምሳ በላህ?»

«የማንንም። እንዳስማላችሁኝ ነኝ።»

ሽማግሌው እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ታዲያ ማን ሸጠን?» አለ።

ከኋላቸው ከብቶቹ እንደ ልማዳቸው ሊጠጡ ወርደው፣ አጥሩ ሥር ተደርድረው ውኃውን ያዩ ነበር።

እንግዲህ ጋሽ ድንበሩ፣ ገበሬው እርስዎ ሊመርጡት ያሰቡት ሰው ነው። ያስማሉት ሽማግሌዎች ደግሞ እኔና እርስዎ ነን፤ እንዳይሸጥ አስማልነው እንጂ፣ ከማን ጋር እንደሚመክር አልጠየቅነውም። ንጹሑን ሰው አይምረጡ አላልኩም። ፓርቲም ቢሆን ሌባ ሲሰበሰብበት አይተናል። ነገር ግን ሰውየው ድምፅ ልመና ደጅዎ ሲመጣ፣ «ትሸጣለህ ወይ?» ብቻ ብለው አይሸኙት። «ምሳህን ከማን ጋር ትበላለህ?» ይበሉት። «ለብቻዬ» ካለዎት፣ ለከብቶችዎ ከአሁኑ ሌላ ውኃ ይፈልጉላቸው።