ዲፍ ዝም አልልም አለ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የእኔ ተረት ላምም በረትም የለውም፤ ያለው ኮምፒውተር ነው።

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት፣ አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጸሐፊዎች ለየብቻ ይተይቡታል። ከዚያ ዲፍ የሚባል የኮምፒውተር ትእዛዝ ሁለቱን ፋይሎች ያስተያያል። ልዩነት ካገኘ ይለፈልፋል፤ ካላገኘ ዝም ይላል፤ መጽሐፉም ይታተማል።

አዲሷ ስንቅነሽና ነባሩ መብራቴ አንድ መጽሐፍ ተየቡ። በዓይን ሲታይ አንድም ፊደል አይለያይም። ዲፍ ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ይለያያሉ እያለ ለፈለፈ። ባለቤቱ አቶ ይርዳው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አበላሸችው፤ እንደገና ትተይብ፣ አለዚያ ትሂድ» አሉ። ስንቅነሽ ተናደደች። አልተይብም፣ አልሄድምም አለች። እኔም ብሆን አልሄድም። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ዲፍ ዝም እንዲል።

ዲፍ ሆይ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ዝም በል አለችው። ዲፍ እምቢ አለ። የመብራቴ መስመር ሁሉ ጫፉ ላይ የማይታይ ምልክት፣ ጭራ የሚሉት፣ አለው፤ ያንቺ የለውም አላት።

ወደ መስመሩ ሄደች። ጭራህን ጣል፣ ዲፍ ዝም አልልም ብሏል አለችው። መስመሩ እምቢ አለ። ጭራውን የሰፋብኝ መጻፊያው ፕሮግራም ነው አላት።

ወደ ፕሮግራሙ ሄደች። መስመር ጭራ አልጥልም አለ፣ ዲፍ ዝም አልልም አለ፤ አንተ መስፋቱን ተው አለችው። ፕሮግራሙም እምቢ አለ። ያዘዘኝ የመብራቴ ኮምፒውተር ነው አላት።

ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ፕሮግራም መስፋት አልተውም አለ፣ መስመር ጭራ አልጥልም አለ፣ ዲፍ ዝም አልልም አለ። አንተ ተው ብለህ እዘዘው አለችው። ኮምፒውተሩ እምቢ ብሎ ወደ መብራቴ መራት።

መብራቴን ያዘችው። ኮምፒውተር አላዝም አለ፣ ፕሮግራም መስፋት አልተውም አለ፣ መስመር ጭራ አልጥልም አለ፣ ዲፍ ዝም አልልም አለ። መብራቴ አንገቱን ደፋ፤ ጋሼ ሳይፈቅዱ የኮምፒውተሩን አሠራር አልነካም አላት።

አቶ ይርዳው ዘንድ ገባች። መብራቴ አልነካም አለ፣ ኮምፒውተር አላዝም አለ፣ ፕሮግራም መስፋት አልተውም አለ፣ መስመር ጭራ አልጥልም አለ፣ ዲፍ ዝም አልልም አለ። እሳቸውም እምቢ አሉ።

«ማሽን አይሳሳትም፤ የሚሳሳት ሰው ነው።»

«እንግዲያው የእርስዎን እንየው» አለች።

አቶ ይርዳው በእሷ ኮምፒውተር፣ በገዛ እጃቸው የተየቡት መቅድም ነበር። መብራቴ በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው፤ አንድ ፊደል ሳይነካ መልሶ አስቀመጠው። ሁለቱን ቅጂ ለዲፍ ሰጠች። ዲፍ እንደ ጉድ ለፈለፈ።

«ጋሼ፣ እርስዎም አበላሽተዋል ልበል?»

አቶ ይርዳው መብራቴን ንካው አሉት። መብራቴ ኮምፒውተሩን አዘዘው፣ ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን አዘዘው፣ ፕሮግራሙ መስፋቱን ተወ፣ መስመሩ ጭራውን ጣለ፣ ዲፍም ዝም አለ።

አቶ ይርዳው፣ በይ ቀጣዩን መጽሐፍ ጀምሪ ብለው ሊወጡ ሆነ። ስንቅነሽ በሩ ላይ ቆመች።

«ዲፍ ዝም ብሏል፤ አሁን የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። አበላሸች ሲሉኝ ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር።»

ሠራተኛው ሁሉ እጁን ከሥራው አነሣ። አቶ ይርዳው ወደ በሩ አዩ፤ እሷ ግን አልተነቃነቀችም።

«አላበላሸችም» አሉ።

ያን ጊዜ ከበሩ ዞር አለችላቸው።